በፔሸንስ ደብተር ላይ ያለችው ፊደል

ኤልፍነሽ ያን ማክሰኞ ለቶሚ ሦስት ጊዜ ነገረችው። ሦስቱንም ጊዜ "አረንጓዴ ነው እኮ" አላት። ለአራተኛ ልትሄድ ከወንበሯ ብድግ አለችና መልሳ ተቀመጠች። ንዴቱ ጆሮዋን አግሎት ነበር።

የምትሠራው አትላንታ አጠገብ ባለችው ኮንየርስ ውስጥ፣ ከሀይዌዩ ወረድ ብሎ መጋዘኖች በተደረደሩበት መንገድ ላይ፣ አሮጌ ጽሑፎችን እስካን በሚያደርግ አንድ ድርጅት ነው። ቤተ መጻሕፍትም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ ተራ ቤተሰብም ያረጀ ወረቀቱን ይልካል። ሠራተኞቹ ገጹን አንድ በአንድ እየገለጡ ያነሱታል፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ የእጅ ጽሑፉን አንብቦ በታይፕ ያወጣዋል። የኤልፍነሽ ድርሻ ኮምፒውተሩ ያነበበውን ማረም ነው። ማሽኑ የተጠራጠረበት መስመር ቀይ ሆኖ ይመጣል፤ እሱን ታስተካክላለች። እርግጠኛ የሆነበት መስመር አረንጓዴ ነው። አረንጓዴው ተቆልፎ ስለሚመጣ አይነካም።

ቶሚ የፈረቃዋ አለቃ ነው። ሠላሳ ዓመት አልሞላውም። በአራት ዓመቱ ከአዲስ አበባ መጥቶ እዚሁ ጆርጂያ ያደገ ልጅ ስለሆነ፣ አማርኛው ውስጥ "እርስዎ" የሚባል ነገር የለም። እናቱ ልትሆን የምትችለውን ሴትዮ "ኤልፊ" እያለ ይጠራታል። ክፋት እንደሌለው ታውቃለች፤ ቢሆንም በጠራት ቁጥር እንደ አዲስ ይቆረቁራታል።

ኤልፍነሽ ስድሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ነቀምቴ ተማሪ ሳለች አንድ ህንዳዊ አስተማሪ ነበራቸው፤ ካርሲቭ የሚባለውን፣ ፊደሉ ሁሉ ተያይዞ የሚጻፈውን የእንግሊዝኛ ጽሕፈት ጣት ጣታቸውን በማስመሪያ እየመታ ያስተማራቸው። ከዚያ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆና አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠራች። የታይፒስት ግማሹ ሥራ ደግሞ የኃላፊዎችን ክፉ የእጅ ጽሑፍ መፍታት ነው። አንዱ ኃላፊ ሲቸኩል ይጭራል፣ ሌላው ሲቆጣ ብዕሩ ወረቀቱን ይቀድዳል፤ እሷ ሁሉንም ታነባለች። አሜሪካ ከመጣች በኋላ ግን ይህን ችሎታዋን የፈለገው ሰው አልነበረም። የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ቆማ ስትሠራ ጉልበቷ አለቀ። ባሏ ከሞተ በኋላ አንዲት የቤተ ክርስቲያን እህት ይህን ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ጠቆመቻት። ሥራ በጀመረች በሳምንቱ አንድ ነገር ገባት፤ በዚያ ክፍል ካሉት አሥራ አንድ ሰዎች ካርሲቭ ማንበብ የምትችለው እሷ ብቻ ናት። ወጣቶቹን ትምህርት ቤት አላስተማሯቸውም። የአያቶቻቸው ደብዳቤ ቢሰጣቸው እንደ አረብኛ አገላብጠው ያዩታል።

በዚያ ሳምንት ከማሪዬታ የመጣው ደብተር በፎጣ ተጠቅልሎ ነበር። የጻፈችው ፔሸንስ የምትባል ሴት ናት። በባርነት ተወልዳ፣ ነፃነት ከመጣ በኋላ አትላንታ ከተማ የሰው ልብስ እያጠበች የኖረች። ፊደል የቆጠረችው ትልቅ ሰው ከሆነች በኋላ ነው። ከ1874 ጀምሮ ሃያ አምስት ዓመት ያህል፣ እንዳይጠፋባት የፈለገችውን ነገር ሁሉ እዚያ ደብተር ላይ ጽፋለች። የዝገት እድፍ ከነጭ ጨርቅ ላይ እንዴት እንደሚለቅ፣ ለሳል የሚሆነውን፣ ከሰባኪ የሰማችውን፣ የመጀመሪያው ውርጭ የወደቀበትን ቀን፣ የልጆቿን ልደት። ከጋዜጣ ቀድዳ በዱቄት ሙጫ የለጠፈችውም አለ። በአንድ ገጽ ላይ "ረቡዕ" የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል አምስት ጊዜ ጽፋዋለች፤ አምስቱም የተለያዩ፣ አምስቱም ስህተት።

ኤልፍነሽ ይህን ስታይ ብቻዋን ሳቀች። እሷም እንግሊዝኛን የተማረችው ፊደል በፊደል ነው፤ እስከ ዛሬ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነው የምታነበው። ፔሸንስ ደግሞ በጆሮዋ እንደሰማችው ነው የጻፈችው። ማሽኑ ይህን አያውቅም። በመዝገበ ቃላቱ ያለ ቃል እስኪያገኝ ድረስ ፊደሏን ይጠመዝዛል። የአሳማ ስብ ማለት "ላርድ" ነው፤ ማሽኑ "ሎርድ" ብሎ አነበበውና "ጌታን ሞቅ አድርገሽ የልጁን ደረት እሺው" የሚል መድኃኒት አወጣ። እሱ መስመር ቀይ ስለነበረ አስተካከለችው። ቶሚም አይቶ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ግን ሳቅ አልነበረም። ፔሸንስ የሸሚዝ ኮሌታ አተኳኮስ እየጻፈች ነው። ኮሌታ የሚያደርቀው ስታርች በምን ያህል ውኃ እንደሚበጠበጥ ተናገረች። ከዚያ ያለ ምንም መንደርደሪያ ሁለት ዓረፍተ ነገር፤ "እናቴ በጃንዋሪ ተሸጠች። እኔ ባልዲ ይዤ ቆሜ ነበር።" ከዚያ ተመልሳ ወደ ስታርቹ።

ማሽኑ ያወጣው "እናቴን በጃንዋሪ በረዳት። እኔ ባልዲ ይዤ ቆሜ ነበር" የሚል ነው። በእንግሊዝኛ ተሸጠች የሚለው "ሶልድ" እና በረዳት የሚለው "ኮልድ" በአንድ ፊደል ነው የሚለያዩት። ጃንዋሪም ብርድ ነው። መስመሩ አረንጓዴ ነበር።

"ኤልፊ፣ ሊስን" አላት ቶሚ በሦስተኛው ጊዜ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ። "ማሽኑ ናይንቲ ሰቨን ፐርሰንት ሹር ነው። አንቺ ስንት ፐርሰንት ሹር ነሽ?"

"መቶ።"

"ኦኬ፣ ግን ሲስተሙ አንቺን አይቆጥርም። አረንጓዴ መክፈት እኔም አልችልም። ቲኬት ክፈቺ።"

ኤልፍነሽ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ ፈተሸችው። ፔሸንስ "ኤስ" የሚለውን ፊደል በቃል መጀመሪያ ላይ ስትጽፍ፣ ከመስመሩ ዝቅ አድርጋ ወደ ግራ የታጠፈች ጅራት ታወጣለታለች፤ እንደ ዓሣ መንጠቆ። ሳሙና በሚለው ቃል ላይ አለች፣ ስታርች በሚለው ላይ አለች። "ሲ" ስትጽፍ ግን መስመሩ ላይ ቁጭ ታደርጋታለች፤ ጅራት የላትም። ኤልፍነሽ አርባ አንድ "ኤስ" አገኘች፤ አርባ አንዱም ባለጅራት ናቸው። በገጽ ሠላሳ አንዱ ቃል ላይም ጅራቷ ቁልጭ ብላ ትታያለች።

ቲኬት የሚሉትን የማረሚያ ጥያቄ በኮምፒውተሩ ከፈተች። የሰጧት ቦታ ጠባብ ስለሆነ ስለ ጅራቱ ያለውን ግማሹን ቆረጠባት። በአሥር ደቂቃ ውስጥ መልስ መጣ፤ "የንባቡ አስተማማኝነት ከሚፈለገው በላይ ነው። ጥያቄው ተዘግቷል።" እንደገና ከፈተች። ያው መልስ መጣ፤ ነጥብ እንኳ አልተለወጠም። ሦስተኛውን ስትከፍት ቶሚ መጣና ፍጥነቷ በክፍሉ የመጨረሻው እንደሆነ፣ ይህ ደብተር ሪዩኒየን የሚሉት የቤተሰብ መሰባሰቢያ ስላለ አርብ ለኅትመት እንደሚሄድ፣ ስድሳ ኮፒ እንደታዘዘ ነገራት።

"ስድሳ ቤት ውስጥ 'በረዳት' ብሎ ሊነበብ ነው?" አለችው።

"ኤልፊ፣ ቤተሰቡ ሃፒ ነው። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?"

ያን ቀን ከሥራ ስትወጣ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ ለልጇ ለኤልዳና ደወለች። ኤልዳና ደንዉዲ ውስጥ አንድ የኢንሹራንስ ቢሮ ትሠራለች፤ ሥራዋ ሠራተኞች ደንብ እንዳይጥሱ መቆጣጠር ነው። እናቷ ነገሩንና የደብተሩ ባለቤት ቤት ልትሄድ ማሰቧን ነግራ እስክትጨርስ ሰማቻትና፣ "እማዬ፣ የደንበኛ አድራሻ ከየት አገኘሽ?" አለቻት።

"ፎጣው ላይ በተለጠፈው ወረቀት አየሁት። አድራሻ ማየት ወንጀል ነው?"

"ሄዶ ማንኳኳት ነው እንጂ! ኮንፊደንሻሊቲ ፈርመሻል፤ የደንበኛ ምስጢር ነው። ላይክ፣ ከሥራ ያባርሩሻል።"

"የምትወስጂኝ ከሆነ ውሰጂኝ፤ አለበለዚያ በራሴ እሄዳለሁ።"

ኤልፍነሽ ሀይዌይ ላይ መንዳት እንደምትፈራ ሁለቱም ያውቃሉ። ኤልዳና ረጅም ትንፋሽ አወጣችና "እሁድ፣ ከቸርች በኋላ" አለች። እሁድ ከአርብ በኋላ ነው፤ ቢሆንም ባለቤቷ ከጠየቁ ኅትመቱ ሊቆም ይችላል ብላ ኤልፍነሽ ተስማማች።

እሁድ ስብከቱ ረዘመ። ማሪዬታ ሲደርሱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት አልፎ ነበር። የደብተሩ ባለቤት ሚስ ዶሮቲያ የሰማንያ ስድስት ዓመት ሴት ናቸው። ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ የነዱ፣ ድምፃቸው እስከ ዛሬ ከኋላ ወንበር ድረስ የሚሰማ። ፔሸንስ ቅድመ አያታቸው ናት። ዓይናቸው ስለደከመ ደብተሩን ራሳቸው ካነበቡት ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። በረንዳ ላይ አስቀመጧቸውና ቀዝቃዛ ሻይ አቀረቡላቸው። ኤልፍነሽ የት እንደምትሠራ ስትነግራቸው ደስ አላቸው። ገጽ ሠላሳ አንድን ስታነሳ ግን ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ።

"ኮልድ ነው" አሉ። "ብርድ ነው የገደላት። እናቴ እዚህ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ነው ያነበበችልኝ፤ ስንት ጊዜ! ኮልድ ነው የሚለው።"

ኤልፍነሽ ስለ ጅራቱ ልታስረዳ ጀመረች። ስትናደድ ግን እንግሊዝኛዋ ይተሳሰርባታል። "ፊደሉ… ጅራት…" አለችና ተወችው። ወደ ልጇ ዞራ በአማርኛ፣ "ሁሉም ፊደሏ ያው ነው፣ ጥርጥር የለውም፣ ተሸጠች ነው የሚለው በይልኝ" አለቻት።

ኤልዳና በለሰለሰ ድምፅ ተረጎመች፤ "እናቴ ምናልባት ትንሽ ስህተት ሊኖር ይችላል ብላ ታስባለች።"

"እንደሱ አላልኩም!" አለች ኤልፍነሽ። "ምናልባት የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም!"

"እማዬ፣ ፖላይት ልሁን ብዬ ነው።"

"ፖላይት አትሁኚ! ያልኩትን በይ!"

ሚስ ዶሮቲያ አንዴ እናትየዋን፣ አንዴ ልጅቷን አዩ። "ምንድን ነው የምትለው?"

ኤልዳና ፊቷ ቀላ። "ተሸጠች ነው የሚለው ትላለች" አለች።

በመንገዱ ላይ አንድ መኪና አለፈ፤ ሚስ ዶሮቲያ እስኪርቅ ድረስ በዓይናቸው ተከተሉት። ከዚያ፣ "አንቺ ከየት መጥተሽ ነው የእናቴን ቃል የምታርሚው?" አሏት።

ኤልፍነሽ መልስ ነበራት፤ ግን በእንግሊዝኛ አልነበረም። ስልክ ቁጥሯን በወረቀት ጽፋ ከብርጭቆው ሥር አስቀመጠችና ተነሳች። ሚስ ዶሮቲያ ወረቀቱን ዘወር ብለው አላዩትም።

መኪናው ሀይዌዩ ላይ ወጣ።

"አሁን ሃፒ ነሽ?" አለች ኤልዳና።

"አይደለሁም። አንቺም እንደ ማሽኑ ነሽ።"

ይህን ማለቷ በኋላ ቆጭቷታል። ያን ጊዜ ግን አልቆጫትም፤ ኤልዳናም እስከ ቤት ድረስ አላናገረቻትም። እናቷ ስትወርድም "ደህና ዋዪ" ብቻ ነው ያለቻት።

ረቡዕ ጠዋት ቶሚ ቢሮው አስጠራትና በሩን ዘጋ። ሚስ ዶሮቲያ ደውለው ደብተራቸውን ማን ማን እያነበበው እንደሆነ ጠይቀዋል። ማን ቤታቸው እንደመጣም ተናግረዋል። ቶሚ ከወንበሩ ተነስቶ ቆሞ ነበር።

"ወይዘሮ ኤልፍነሽ፣ ይቀመጡ" አላት።

በሁለት ዓመት ውስጥ "እርስዎ" ሲላት የመጀመሪያው ነው። ከየት እንደተማረው እግዜር ይወቀው። ደሟ ፈላ።

"አንቺ በለኝ!" አለችው። "ስታባርረኝ ነው ማክበር የመጣልህ?"

"ከላይ የመጣ ነው። እኔ ትራይ አድርጌ ነበር፣ ሪሊ።"

"መስመሩ ተስተካከለ?"

"የቱ መስመር?"

"ገጽ ሠላሳ አንድ።"

ቶሚ አንገቱን አከከ። "ታትሟል እኮ። አርብ ሄደ።"

ኤልፍነሽ መነጽሯንና የምሳ ዕቃዋን ይዛ ወጣች። አንዲት ወጣት ባልደረባዋ የአንድ ወታደር ደብዳቤ ይዛ፣ "ኤልፊ፣ ይቺ ምንድን ናት የምትለው?" ብላ ጠየቀቻት። ቆማ አነበበችላትና ሄደች።

በወሩ ሌላ ሥራ አገኘች፤ እዚያው ኮንየርስ፣ ዕቃ የሚታሸግበት መጋዘን ውስጥ። አሥር ሰዓት በእግር መቆም ነው። ጉልበቷ ማታ ማታ እንደ እንጀራ ሊጥ ያብጣል፤ ሐሙስ ሐሙስ ታርፋለች። ለቤተ ክርስቲያን እህቶቿ ነገሩን ስትነግራቸው አብዛኞቹ፣ "አንቺ ምን አገባሽ?" ነው ያሏት። የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ሰዎች ተከራከረቻቸው፤ ከዚያ ማውራቱን ተወችው። ግን ጥርሷን ስትቦርሽም፣ ካርቶን ላይ ፕላስተር ስትለጥፍም፣ ያቺ ባልዲ የያዘች ልጅ ትመጣባታለች። ስንት ዓመቷ ይሆን ነበር? አምስት? ስድስት?

ኦገስት ላይ ስልኳ ጮኸ።

"ደብተሩን መልሰውልኛል" አለ ያ ከኋላ ወንበር የሚሰማ ድምፅ። "ማጉያ መነጽር ገዛሁ። ሳሙና የሚለው ላይ ጅራት አለ። እዚያኛው ላይም አለ።"

"አዎ" አለች ኤልፍነሽ።

"አየሁት ማለቴ ወደድኩት ማለት አይደለም። ሐሙስ ትመጫለሽ?"

ሐሙስ በራሷ ነዳች። ሀይዌዩን ፈርታ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ስለሄደች ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀባት። ሚስ ዶሮቲያ ደብተሩን ከምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ የታተመውን መጽሐፍ አጠገቡ አስቀምጠው ጠበቋት። መጽሐፉ ሽፋኑ ያምራል፤ የቤተሰቡ ስም በወርቅማ ቀለም ተጽፎበታል። ሪዩኒየኑ ጁላይ ላይ አልፏል፤ ስድሳውም ኮፒ ተበትኗል።

"እናቴ ማንበብ ከእኔ የተሻለ ትችል ነበር" አሉ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጧት። "ታዲያ ለምን ኮልድ አለችኝ?"

"ልጅ ስለነበሩ ይሆናል" አለች ኤልፍነሽ። "ልጅ እንዳይሰማ።"

"ሃምሳ ዓመቴም ላይ ኮልድ ነው ያለችኝ!" ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። "ባል አግብቼ፣ ባል ቀብሬ! ያን ጊዜም ልጅ ነበርኩ?"

"አላውቅም።"

"እኔም አላውቅም። እሷ የለችም፤ ማንን ልጠይቅ?"

ኤልፍነሽ እንደምታሸንፍ አስባ ከሆነ የመጣችው፣ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ምንም ያሸነፈችው ነገር አላየችም። እኚህን ሴትዮ ከእናታቸው ጋር አጣልታለች፤ እናትየዋ ደግሞ መልስ የማይሰጡ ሙት ናቸው። ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት ሚስ ዶሮቲያ እጃቸውን አነሱ። "ተይ። የመጣሽው ለማንበብ ነው። አንብቢ።"

አነበበች። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ፊደል በፊደል፣ ከመጀመሪያው ገጽ። ሚስ ዶሮቲያ የታተመውን በማጉያው እየተከተሉ፣ በተለየ ቁጥር በእርሳስ ያርማሉ። እስከ ገጽ ሠላሳ አንድ ሲደርሱ አሥራ ሰባት ስህተት አግኝተዋል። አሥራ ሁለቱ አረንጓዴ የነበሩ እንደሆኑ ኤልፍነሽ አስታወሰች። ሚስ ዶሮቲያ "ኮልድ" የሚለውን ቃል ሰረዙና በላዩ ላይ ትክክለኛውን ጻፉ። ከዚያ እርሳሱን ጥለው የስልክ ደብተራቸውን ጎተቱ።

"ስድሳ ቤት ነው" አሉ። "ቁጥሩን አንቺ ምቺ። እኔ አይታየኝም።"

የመጀመሪያው በርሚንግሃም ያሉ የአጎታቸው ልጅ ናቸው። ሰውዬው ሰምተው ሰምተው፣ "ዶቲ፣ መጽሐፉ ቆንጆ ነው። ሁሉም ወዶታል። አሁን ይህን ማንሳት ለምን ያስፈልጋል?" አሉ። ሚስ ዶሮቲያ አብራርተው ሳይጨርሱ ሰውዬው በር ተንኳኳብኝ ብለው ዘጉ።

ሁለተኛዋ የእህታቸው ልጅ ናት። አሁኑኑ አስተካክላለሁ አለች፤ የትኛው ገጽ እንደሆነ ጠየቀች፤ ከዚያ መጽሐፉን የት እንዳስቀመጠችው ጠፋባት። ሲዘጋ ሚስ ዶሮቲያ፣ "አታስተካክለውም" አሉ። "እናቷም እንደሷ ነበረች።"

ሦስተኛውን ኤልፍነሽ መታች። ጠራ፣ ጠራ፣ መልእክት ተዉ የሚል ድምፅ መጣ። ሚስ ዶሮቲያ ስልኩን ተቀብለው አፋቸው ድረስ አስጠጉና፣ በዚያ በአውቶቡስ ድምፃቸው፣ ስማቸውን፣ ገጹን፣ መስመሩን ተናገሩ። ከዚያ ቃሉን ፊደል በፊደል ቆጠሩ፤ "ኤስ። ኦ። ኤል። ዲ።" ሲጨርሱ ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ለስለስ ባለ ድምፅ የመልእክት ሳጥኑ ስለሞላ መቀበል እንደማይቻል ነገረቻቸው።

"ምን አለች?" አሉ ሚስ ዶሮቲያ።

"ሞልቷል" አለች ኤልፍነሽ።

ሚስ ዶሮቲያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። የወረደውን መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፉና ጣታቸውን በሚቀጥለው ስም ላይ አሳረፉ።